የዳቦ ዋጋ ይተመን ወይስ ይተው? መንግሥት በግል ንግድ ውስጥ እስከ የት ይግባ?

ማራኪ ሠፈር (ጠያቂ)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ በተለይ በዳቦ፣ በዱቄትና በእህል ንግድ ላይ ያላችሁ። ዳቦ በተወደደ ቁጥር ከተማችን ውስጥ ሁለት ወገን ይነሣል። አንዱ «መንግሥት ዋጋ ይተምን፣ እምቢ ያለውን ያሽግ» ይላል። ሌላው «ነጋዴውን ተዉት፣ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» ይላል። ሁለቱም ስሌት አያቀርቡም፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ስሌቱን ነው። የ100 ግራም ዳቦ ወጪ ከምን ከምን ይገነባል? ተመን ሲወጣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ምን ይቀየራል? በድጎማ ዱቄት ሲሰጥ ጥቅሙ በላተኛው ዘንድ ሳይደርስ የሚቀረው የት ላይ ነው? ሕጉስ ዋጋ የመተመን ሥልጣን ለማን ነው የሰጠው? «መንግሥት ጨርሶ አይግባ» የሚል ካለም ከነአሠራሩ ያስረዳኝ።

ፉርኖ

ከአንድ ኩንታል ፉርኖ ዱቄት እንነሣ። የምጠቅሳቸው የብር መጠኖች ለስሌት የተያዙ ናቸው፤ የሰሞኑን ዋጋ አስገብታችሁ ደግማችሁ ሥሩት። የኪሎና የግራሙ ክፍል ግን ብዙም አይለወጥም።

100 ኪሎ ዱቄት ወደ 58 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ጨው 1.5 ኪሎ፣ ደረቅ እርሾ 800 ግራም፣ ስኳር 1 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር ይገባበታል። ሲደመር 162 ኪሎ ሊጥ ነው፤ ማቡኪያው ላይ ተጣብቆ የሚቀረውንና ሲቦካ የሚጠፋውን ቀንሰን 160 እንያዝ። ዳቦ ሲጋገርና ሲቀዘቅዝ ከክብደቱ 13 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ቀዝቅዞ 100 ግራም እንዲመዝን ሊጡ 115 ግራም ሆኖ መቆረጥ አለበት። 160 ኪሎ ለ115 ግራም ሲካፈል 1,390 ፍሬ ይሰጣል፤ የተቃጠለና የተበላሸ 2 በመቶ ስናወጣለት 1,360 የሚሸጥ ዳቦ ይቀራል።

አሁን ወጪው። ዱቄት 9,000 ብር እንበል። እርሾ፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይት 1,200። መብራት ወይም እንጨት 700። የጋጋሪ፣ የሻጭና የተሸካሚ ክፍያ 1,300። ኪራይ፣ ውሃ፣ ጥገናና ግብር 800። ድምሩ 13,000 ብር፤ ለ1,360 ሲካፈል አንዱ ዳቦ ያለ ምንም ትርፍ 9 ብር ከ56 ሳንቲም ነው የሚፈጀው።

እዚህ ላይ «የ100 ግራም ዳቦ 9 ብር» የሚል ተመን ቢወጣ ዳቦ ቤቱ ከእያንዳንዱ ኩንታል 760 ብር ይከስራል። ማንም ሰው ከስሮ አይጋግርም፣ ስለዚህ ግራሙን ይቆርጣል። ወጪውን ብቻ ለመሸፈን ዳቦው ወደ 94 ግራም ይወርዳል፤ 8 በመቶ እንኳ ለማትረፍ 87 ግራም መሆን አለበት። ሸማቹ 9 ብር ከፍሎ 100 ግራም ያገኘ ይመስለዋል፣ የሚያገኘው ግን 87 ነው። ተመኑ ዋጋውን አላወረደም፤ ጭማሪውን ወደማይታይበት ቦታ ወሰደው እንጂ።

ሚዛን የያዘ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሊጡ ውሃ ይጨመርለታል፣ ዳቦው ከምድጃ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል። ውሃው ስላልወጣለት ሚዛን ላይ 100 ግራም ይሞላል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው፣ ቶሎም ይሻግታል። ይኼ የሚደርሰው በልጆች ቁርስ ላይ ነው፣ ስለዚህ የግራሙን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር አንየው።

ሌላው ተመን አውጪዎች የሚዘነጉት የዱቄቱ ዓይነት ነው። ደካማ ዱቄት 58 ሊትር አይሸከምም፤ 52 ላይ ሊጡ መላላት ይጀምራል። ያ ብቻ በኩንታል 50 ያህል ዳቦ ይቀንሳል። በአንድ ዋጋ የተገዛ ሁለት ጆንያ ዱቄት ሁለት የተለያየ የዳቦ ወጪ አለው። መብራት ሊጡ ከቦካ በኋላ ሲጠፋማ ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል፤ ሊጡ አልፎት ይኮመጥጣል፣ ቅርጽም አይይዝም። ጄኔሬተር ያለው የናፍጣ ወጪ ይጨምራል፣ የሌለው 160 ኪሎ ሊጥ ይደፋል።

የኮታ ሒሳብ

የወንድም ፉርኖን ቁጥር ይዤ ስለ ድጎማው ልመልስ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው።

መንግሥት ዳቦው በእውነት 100 ግራም ሆኖ 9 ብር እንዲሸጥ ከፈለገ ልዩነቱን ራሱ መክፈል አለበት። 13,000 ወጪ ላይ 8 በመቶ ትርፍ ሲጨመር 14,040 ነው። 1,360 ዳቦ በ9 ብር ሲሸጥ 12,240 ያስገባል። ጉድለቱ 1,800 ብር፤ ማለትም ዱቄቱ ለዳቦ ቤቱ በ9,000 ሳይሆን በ7,200 መድረስ አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኮታውን፣ ማለትም በድጎማ የሚደርሰውን የዱቄት ድርሻ፣ የወሰደ ዳቦ ቤት ጋግሮ፣ ሌሊት ሠርቶ፣ ሠራተኛ ከፍሎ የሚያተርፈው 1,040 ብር ነው። ዱቄቱን ከነጆንያው ለገበያ ቢያሳልፈው ሳይደክም 1,800 ያገኛል። ለዚህ ነው ድጎማ ያለበት ዱቄት ሁሉ ወደ አየር በአየር ንግድ የሚያዘነብለው። ነጋዴውን በሥነ ምግባር ትምህርት ማረም አይቻልም፤ የአሠራሩ ሒሳብ ራሱ «አትጋግር» እያለው ነው።

መፍትሔው ኮታውን አጥብቆ መጠበቅ ከሆነ የሚጠበቀው ጆንያው አይደለም። ጆንያ በሌሊት ይሄዳል። የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እርሾ ነው፦ በኩንታል 800 ግራም ከሆነ 20 ኩንታል የወሰደ ዳቦ ቤት 16 ኪሎ የእርሾ ግዢ ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። 5 ኪሎ ብቻ ካሳየ ቀሪው ዱቄት ምን ሆነ? ሁለተኛው በመብራት ለሚጋግሩ የቆጣሪ ንባብ ነው። የአንድ ዳቦ ቤት ፍጆታ በኩንታል ስንት እንደሆነ አንድ ወር ተለክቶ ከተያዘ በኋላ፣ ዱቄት ወስዶ ቆጣሪው ያልዞረ ወዲያው ይታወቃል። መብራት የተቋረጠባቸውን ቀናት መቀነስ ግን ግድ ነው፣ አለዚያ ንጹሑ ይቀጣል።

ለእኔ የተሻለው ግን ዱቄቱን በገበያ ዋጋ ትቶ ድጎማውን ለተቸገረው ቤተሰብ በቀጥታ መስጠት ነው። 1,800 ለ1,360 ሲካፈል በአንድ ዳቦ 1 ብር ከ32 ሳንቲም ነው። በቀን 10 ዳቦ ለሚበላ ቤተሰብ በወር 400 ብር ገደማ ይሆናል። ቀበሌው የሴፍቲኔት ዝርዝር ካለው ከዚያ ሊነሣ ይችላል፤ አከፋፈሉም በስልክ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሆቴል ቤቱ ለሳንድዊች የሚገዛውን ዳቦ መንግሥት አይደጉምም፤ በቀበሌ ዱቄት የሚያተርፍም አይኖርም። ድካሙ ዝርዝሩን ማጣራት ላይ ነው፣ ያንንም ከነጋዴ ተወካይ ይልቅ የሠፈሩ ሰው ቢያደርገው ይሻላል።

ሚዛን

ስለ ሕጉ።

መሠረቱ በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። ዋጋ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መሠረታዊ ሸቀጦች በንግድ ሚኒስቴር (አሁን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር) ተጠንተው የሚወሰኑት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ይኼ በምክንያት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሥልጣን ነው፤ የአንድ ከተማ ባለሥልጣን ጠዋት ተነሥቶ በደብዳቤ የሚያወጣው ነገር እንዳይሆን። የከተማ ተቆጣጣሪ ያለ ጥያቄ ሊያስከብረው የሚገባው ሌላ ነው፦ ዋጋ በሚታይ ቦታ መለጠፉ፣ ደረሰኝ መቆረጡ፣ ሚዛኑ ትክክል መሆኑ፣ እጥረት ያለበት ተብሎ በይፋ የተገለጸ ዕቃ አለመከማቸቱ፣ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ አለመወሰናቸው።

ድጎማ ዱቄት ሲሰጥ ሁኔታው ይለያል። እዚያ ላይ «ይህን ዱቄት ከወሰድህ በዚህ ግራምና በዚህ ዋጋ ትሸጣለህ» የሚል ግዴታ በውል ማስፈረም ተገቢ ነው። ኮታ ያልወሰደውን ዳቦ ቤት በዚያው ዋጋ ማስገደድ ግን ውልም ሕግም የለውም።

የተመን ታሪካችንም ሩቅ አይደለም። በ2003 ዓ.ም ዳቦን፣ ሥጋን፣ ዘይትን፣ ስኳርን ጨምሮ የብዙ ሸቀጦች ጣሪያ ዋጋ በአገር ደረጃ ወጥቶ ነበር። ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፍ መጣ፣ የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ አብዛኛው ተመን ተነሣ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላም «ያለአግባብ ጨመራችሁ» ተብለው የታሸጉ ሱቆች ብዙ ነበሩ። ማሸግ ፈጣን ስለሆነ ለባለሥልጣን ይቀናዋል፤ የታሸገ ሱቅ ግን አንድ ሻጭ ከገበያው ቀንሶ የቀሩትን የልባቸውን እንዲያደርጉ ነው የሚረዳቸው።

ዳቦ ቤት እንዲታሸግ ከታዘዘ ባለቤቱ የሚያደርገው ይኼ ነው። ውሳኔውን በጽሑፍ፣ የተጣሰው አንቀጽ ተጠቅሶ ይጠይቅ። ከመታሸጉ በፊት ውስጥ ያለው ዱቄት፣ ሊጥና የተጋገረ ዳቦ በኪሎ ተመዝግቦ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። የሚበላሸው እንዲወጣ ይጠይቅ፤ ሊጥ ማቡኪያ ውስጥ እንዳለ በሩ ሲዘጋ ኪሳራው ከቅጣቱ ሊበልጥ ይችላል። ቅሬታውን በጽሑፍ አስገብቶ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ቀን ይያዝ። አንዳንዶች የሚጠቅሱት የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው፤ የክልል መሥሪያ ቤት ላይ ይዛችሁት ብትሄዱ አይሠራም።

ቅዳሜ ገበያ

ጋሽ ሚዛን በሕጉ አልከራከርዎትም። ግን ሁላችሁም ገበያው ብዙ ሻጭ እንዳለው አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃ የያዘው ሰው ብቻውን ዋጋ ያወጣል። በዚያን ጊዜ «ውድድር ያስተካክለዋል» ማለት ለድሃ ምን ይጠቅመዋል? ከጎረቤት ሱቅ ሌላ አማራጭ የለውም እኮ።

የአንድ አካባቢ ዳቦ ቤቶች በአንድ ቀን በእኩል ሳንቲም ሲጨምሩስ? ዱቄት ስለጨመረ ሁሉም መጨመሩ ያለ ነው። ግን ፉርኖ እንዳለው የየአንዳንዱ ወጪ የተለያየ ነው፤ አንዱ በቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ ይሠራል፣ ሌላው ለግለሰብ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ መንግሥት የነጋዴው አከራይ ሆኖ ቆይቷል፤ ይኼ ራሱ ትልቅ ጣልቃ ገብነት ነው፣ ማንም አያነሣውም። ወጪያቸው እንዲህ እየተራራቀ ዋጋቸው እስከ ሳንቲሙ አንድ ከሆነ መነጋገር አለ ማለት ነው። ዋጋ የሚቆጣጠረው ግብረ ኃይል ሱቅ ለሱቅ ከሚዞር የጭማሪውን ቀንና መጠን በየሠፈሩ መዝግቦ ቢያነጻጽር ይሻለዋል።

ተመን ይውጣ አልልም። መንገድ በተቆረጠበት ሳምንት መንግሥት ስንዴ ይዞ ይግባ ነው የምለው። የሸማቾች ማኅበራት መጋዘን ውስጥ የተወሰነ ክምችት ይኑር፤ ዋጋው ሲንር ይለቀቅ፣ ሲረጋጋ ይተካ። ነጋዴው ክምችት እንዳለ ካወቀ ደብቆ የመጠበቅ ፍላጎቱ ይቀንሳል። የእሑድ ገበያም ለሽንኩርት፣ ለድንችና ለጤፍ ደላላውን ስለሚያስቀር ጥሩ ነው። ለዳቦ ግን ምድጃን ወደ ሜዳ ማውጣት ስለማይቻል ብዙ አይረዳም።

ፉርኖ

እህቴ፣ በክምችቱ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት። የሚለቀቅበት የዋጋ ልክ አስቀድሞ በይፋ ይታወቅ፣ ለምሳሌ «የዱቄት ዋጋ ካለፈው ወር አማካይ 20 በመቶ ከበለጠ እንለቃለን» ተብሎ። ልኩ ካልታወቀ የመጋዘን ኃላፊው በፈለገ ቀን የሚለቅ ይሆናል፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ነጋዴም ያተርፍበታል። ስንዴም ከስድስት ወር በላይ ሳይገላበጥ ከተቀመጠ ነቀዝ ይገባዋል፤ አሮጌው እየወጣ አዲስ የሚገባበት ቀን ተጽፎ ይለጠፍ።

የመተማ መንገድ

ከዳቦ ወጣ ልበልና ሰሊጥን ላንሣ፤ የመንግሥት እጅ የጠቀመበትም የጎዳበትም በአንድ ሸቀጥ ላይ የሚታየው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምርና ቆይቶ ሰሊጥ ሲገባበት፣ የጠቀመው ሚዛኑና ደረጃው ነው። ሰሊጡ ጎንደር፣ መተማ ወይም ሁመራ መጋዘን ይገባል፣ ከየጆንያው ናሙና ተወጋግቶ ይወሰዳል፣ ባዕድ ነገሩና ቀለሙ ታይቶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል። ከሽያጩ ማግስት ብሩ ሒሳቡ ውስጥ ነው። ገዢ ሰሊጡን ወስዶ «ነገ እከፍላለሁ» የሚልበት ጊዜ አከተመ። መንግሥት ያለ እርሱ ሊሠራ የማይችለው ሥራ ይኼ ነው፦ ሁሉም የሚያምነው ሚዛን።

የጎዳው ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ነው። ዶላር በትንሽ ዋጋ ታስሮ በነበረባቸው ዓመታት ሰሊጥ ላኪው ከሰሊጡ ማትረፍ አያስፈልገውም ነበር። ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ከፍሎ ከአገር ውስጥ ይገዛል፣ ውጭ በኪሳራ ይሸጣል፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን ከእኛ ከሸማቾቹ ላይ ያወጣዋል። ሰሊጥ ብቻ የሚነግድ፣ አስመጪ ያልሆነ ነጋዴ ከዚያ ጋር መወዳደር አይችልም። ማንም «ሰሊጥ ይወደድ» ብሎ አልወሰነም፤ አንዱ ዋጋ ሲታሰር ሌላው ተጣመመ። ነዳጅም እንዲሁ ነው፦ የማደያው ዋጋ በፌዴራል ይተመናል፣ አቅርቦቱ ሲያንስ ቤንዚኑ በጀሪካን ይወጣል፤ ባለ ባጃጁ የሚከፍለው የጀሪካኑን ዋጋ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ የእኔ መልስ፦ መንግሥት ሚዛን፣ ደረጃ፣ ክፍያና ውል ላይ ጠንክሮ ይግባ፤ ዋጋ ላይ አይግባ። ዋጋው ለድሃ ከበደ ካለ ከራሱ በጀት ይክፈል፣ ከነጋዴው ኪስ አይደጉም።

ማራኪ ሠፈር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ቀረኝ። ተቆጣጣሪ ዳቦ ሲመዝን ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ዳቦ ቤቱ «ትናንት የተጋገረ መዘንክ» ይላል፣ ተቆጣጣሪው አንድ ዳቦ አንሥቶ 92 ግራም ነው ብሎ ይቀጣል። ሁለቱም የሚቀበሉት አመዛዘን አለ?

ሚዛን

አለ። መጀመሪያ ሚዛኑ ራሱ በባለቤቱ ፊት በ1 ኪሎ መለኪያ ድንጋይ ይፈተሽ፤ 1 ኪሎ ካላሳየ ምዘናው እዚያው ይቁም። የሚመዘነው ዳቦ ከምድጃ ከወጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሆነው፣ የዚያው ቀን ጋገራ ይሁን። ትኩሱ እንፋሎቱ ስላልወጣ 2 እና 3 ግራም ይከብዳል፣ ያደረው ደግሞ ደርቆ ይቀላል፤ የሁለቱም ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሻጩ ከሚያቀብለው ሳይሆን ከተለያየ መደርደሪያ 20 ዳቦ ይነሣ፤ አንድ ላይ ይመዘንና ለ20 ይካፈል። 2 ኪሎ ከሞላ አማካዩ 100 ግራም ነው። በእጅ የሚቆረጥ ሊጥ እኩል ስለማይወጣ በአንድ ዳቦ መቅጣት ልክ አይደለም። አማካዩ ሞልቶ አንዳንዱ እስከ 95 ቢወርድ የእጅ ስሕተት ነው፤ አማካዩ ራሱ 90 ከሆነ ግን ሊጡ ሲቆረጥ ታስቦበት ነው። ስንት ግራም ልዩነት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ በጽሑፍ ለሁሉም ዳቦ ቤት ይድረስ።

ከዚያ ሁለት ሦስቱ መሐል ለመሐል ይከፈሉ። መሐሉን በጣት ጫን ሲሉት ተመልሶ ካልተነሣና ጣት ላይ ከተጣበቀ በውሃ የተሞላ ጥሬ ዳቦ ነው፤ ሚዛን ቢሞላም ጉድለት ሆኖ ይመዝገብ። ውጤቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንዱ ቅጂ ዳቦ ቤቱ ጋ ይቅር። ባለቤቱ ካልተስማማ በማግስቱ በሌላ ሚዛን፣ ሌላ ሰው ይድገመው። እስከዚያው በሩ ክፍት ይሁን።